የ«እትዬ ኮድ» ደብተርና አንዲት ክፍት ቦታ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ከስልሳ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተወለደ፤ ለራሱ አንቱታ ስለማያስፈልገው «እሱ» እያለ ይቀጥላል። ቅናቱም የጀመረው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቤቱ ሬዲዮ በተበላሸ ቁጥር አባታቸው ፈትተው እንዲገጥሙ የሚፈቅዱት ለእህታችን ብቻ ነበር። ወንዱ ልጅ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ክዳን ይዞ አጠገባቸው ይቆማል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። እሱም እዚያው ተማረ። መምህራኑ «የእሷ ወንድም ነህ እንዴ?» ብለው ፊታቸው እየበራ ይቀበሉትና የመጀመሪያውን ፈተና ሲያርሙ ይጠቁራሉ። ከዚያም እህታችን በቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምረው፣ ከአርባ ተማሪዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ሆነው ተመረቁ።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ። እሱ በመካኒክነት አንድ ዓመት ቀድሟቸው እዚያው ገብቶ ነበር፤ ይህ ይመዝገብለት። በሠላሳ ዓመታቸው ከአንድ ዝምተኛ ቀያሽ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ቀያሹን ያስተዋወቃቸው እሱ ነው። ይህም ይመዝገብለት።

በዚያ ዘመን የዶዘርና የሎደር ሞተር በጆሮ ነበር የሚታወቀው፤ በጆሮ ደግሞ እሱን የሚያህል አልነበረም። ኋላ ኮምፒውተር ያላቸው ማሽኖች መጡ። ሞተሩ ደህና እያጉረመረመ ሳለ ቀይ መብራት ይበራና ስክሪኑ ላይ ኮድ የሚሉት የብልሽት ቁጥር ይወጣል። ጋራዡ በሙሉ ቁጥሩ የጠራውን ዕቃ መቀየር ያዘ። አንድ ሎደር «የናፍጣ ግፊት ሴንሰር» የሚል ኮድ ቢያወጣ እሱ ሦስት ሴንሰር ቀያየረበት፤ መብራቱ ወይ ፍንክች! እሳቸው ላፕቶፓቸውን ሰክተው ካነበቡ በኋላ ዘግተው አስቀመጡት፤ ሽቦውንም በጣታቸው ቀስ እያሉ እየጎተቱ ተከተሉት። ማሰሪያው ሥር ተፍቆ መዳቡ ወጥቷል። «ኮዱ የሚጮኸውን ቦታ ነው የሚነግርህ፤ ማን እንዳስጮኸው ፈልገህ ታገኛለህ» አሉት፣ ያውም በሾፌሩ ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ ኮድ» የሚለው ስም ወጣላቸው። እሱ ግን ያን ዕለት ምሳውን ለብቻው በላ።

የሥራ ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ኮድ ሳይጻፍ አይጠፋም። ከማሽኑ ላይ አንዴ ከተደመሰሰ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ይረሳዋልና። ስለዚህ ባለካሬ ደብተራቸውን በአራት ከፍለው ቀን፣ ኮድ፣ ምክንያት፣ መፍትሔ እያሉ ይሞሉ ነበር። ደብተሩ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም።

አሁን የሚቀጥለውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አንድ ትልቅ ኤክስካቫተር፣ ማለትም ቆፋሪ ማሽን፣ ሥራ ላይ ሲዞር ድርግም እያለ አስቸገረ። ጋራዡ ግቢ አምጥተው ሲያዞሩት ግን ጤነኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ምክንያቱን ያገኘ የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ይሆናል አሉ፤ በማግስቱ ጠዋት እህታችን፣ ካልሆነላቸው ከሰዓት በኋላ እሱ እንዲሞክሩ ተባለ። ኮድ የሚያነቡት ላፕቶፖች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በእሳቸው፣ ሌላው በእሱ እጅ። ቅናት ሲያቃጥለው አድሮ፣ በማለዳ ማንም ሳይመጣ ገብቶ ላፕቶፑን ሰካ። ኮዶቹን አንብቦ ለራሱ በወረቀት ገለበጠ። ከማሽኑ ላይ ግን አንድም ሳያስቀር አጠፋቸው።

እህታችን እስከ ምሳ ሰዓት ባዶ ስክሪን ይዘው ለፉ። ከሰዓት በኋላ እሱ እንደ ጠንቋይ በቀጥታ የሾፌሩ ክፍል ሥር ገብቶ፣ ማሽኑ በሚዞርበት በኩል የተፋቀችውን ሽቦ አወጣት። ተጨበጨበለት። እሳቸውም የዘይት እጃቸውን ጠርገው «እንኳን ደስ ያለህ የኔ ወንድም» ብለው ሳሙት። ያን ቀን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ምን ዋጋ አለው! እስከ ጡረታቸው አሥራ አንድ ዓመት በእሱ ሥር ሲሠሩ፣ ሾፌሩም መካኒኩም በቢሮው በር አልፎ ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ነበር የሚሄደው። ወንበሩ የእሱ፣ ሰዉ የእሳቸው ሆነ። ያኔም ቀናባቸው።

በኩላሊት ሕመም ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመጨረሻው ሳምንት ደብተሩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው «ይኸው፣ ያንተ ነው፤ ኋላ ታነበዋለህ» አሉት። እሮብ ዕለት ከፈተው። የዚያን የኤክስካቫተሩን ቀን መስመር ፈልጎ አገኘው። ኮድ በሚለው ሥር «የለም፤ አሥራ ሁለት ሺህ ሰዓት የሠራ ማሽን ቢያንስ አንድ ኮድ አያጣም» ይላል። ምክንያት በሚለው ሥር «ወንድሜ» ይላል። የመፍትሔው ቦታ ክፍት ነው።

እሱ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለጠው፤ ሌላ ክፍት ቦታ የለውም። ለካ ያን ጊዜውኑ አውቀው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ አለቃዬ» ሲሉት ኖረዋል። ይህን መቻላቸውንም ይቀናባቸዋል። እሱ ቢሆን አንድ ቀን አይችለውም ነበር።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን አይቶ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናቱን ይስጥ። ደብተሩ ከቀብር መልስ ለልጆቻቸው ይሰጣል። ወንድማቸው ዛሬ ጠዋት በክፍቷ ቦታ ላይ «ኮዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በቀብሯ ዕለት በሰው ፊት አስነብቤያለሁ» ብሎ ጽፎበታል።