የቅዳሜ ድንኳን

ቅዳሜ፣ ማርች 7፣ 2020

ምንጣፉ ጸደቀ! ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበት ምንጣፍ። ወይን ጠጅ መደብ፣ በላዩ ወርቃማ ቀለበቶች። አሥራ ሰባት ዓመት የካዚኖ ወለል ዲዛይን ሳደርግ እንዲህ በአንድ ጊዜ እሺ ያለኝ ደንበኛ የለም።

ለአባባ ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት።

«መስኮቱ የት ነው?»

«መስኮት የለውም አባባ።»

«የግድግዳ ሰዓትስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ሰው መምሸት መንጋቱን በምን ያውቃል?»

«እንዳያውቅ እኮ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ጎበዝ» አሉኝ። ከልባቸው አልነበረም፣ አውቃቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ፎርማን ሆነው ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩ ሰው... ምን ሊገባቸው? ሰው ገብቶ መውጣት እንዳያምረው ማድረግ ቀላል ሥራ መሰላቸው?

የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን ጋራዡን ስለያዘው ዛሬም መኪናዬን ውጭ ፓርክ አደረግሁ። ባሌን ስንት ጊዜ ነገርኩት። «ቸርች ቦታ የለም፤ ለቅሶ ሲኖር በፒካፕ የምወስደውም እኔው ነኝ» ይላል ግዛቸው። የለቅሶ ድንኳን ታቅፌ ልኑር እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ማርች 18

በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ በሙሉ ተዘጉ። እኛንም በቪዲዮ ሰብስበው አሰናበቱን። «ለጊዜው» አሉ። ምንጣፌ ሳይነጠፍ ቀረ። አላለቀስኩም። ለምን አለቅሳለሁ?

...አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 11

አባባ ዛሬም ምሳቸውን አልነኩም። ሰው ሲደውልላቸው «በኋላ» ይላሉ። ሙቀት እንዳይገባ ብዬ፣ በሽታ እንዳይገባ ብዬ መጋረጃውን ሁሉ ዘግቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት እንደበራ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ይዤላቸው ስገባ ቀና አሉና «ነጋ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት! ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መስኮት የለም፣ መምሸት መንጋት አይታወቅም... ይህን ክፍል ማን ዲዛይን አደረገው? እኔው ነኛ። የገዛ አባቴን ካዚኖ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ያውም ያለ ምንጣፍ።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ተናደድኩ። እንዲህ ደብዝዘው ደብዝዘው እንዲያልቁብኝ አልፈቅድም። አልፈቅድም!

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። 

ደጃችን ላይ ዛፍ የለ፣ በረንዳ የለ። በረሃ ነው፤ ጠጠርና ሲሚንቶ ብቻ። እዚህ ቤት ጥላ የሚሆን አንድ ነገር ነው ያለው፤ እሱም ጋራዥ ውስጥ። ጠዋት ግዛቸውን ቀሰቀስኩና «ድንኳኑን አውጣው» አልኩት።

«ማን ሞተ?» ብሎ ዘሎ ተነሣ።

«ማንም። አባባ ፀሐይ ሊያዩ ነው።»

ስንተክል አባባ ድምፅ ሰምተው በፒጃማ ወጡ። ሲሚንቶው ላይ ካስማ አይገባ፣ ምን እናድርግ ስንል «ባልዲ ውሃ ሙሉና እግሩን እሰሩት! ድንጋይ ላይ ስንተክል ምን የምናደርግ ይመስላችኋል?» ብለው ጮኹብን። ጮኹ! ሁለት ወር በሹክሹክታ ሲያወሩ የነበሩ ሰውዬ። ለሳቸው ድንኳን ማለት ለቅሶ አይደለም፣ መንገድ ሲሠሩ የኖሩበት ቤት ነው። እኔም ስለ ፀሐይዋ አቅጣጫ መለስኩላቸው። በባልዲው እሳቸው አሸነፉ፣ በፀሐዩ እኔ። ወንበር አወጣሁ። ተቀመጡ። ዳቦ በሉ!

ብዙም ሳይቆይ አንዲት መኪና መንገዱ ላይ ሲጢጥ ብላ ቆመች። እትዬ ስሜነሽ ናቸው፣ የቸርቻችን ሰው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማስካቸው በእንባ ርሶ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልሰናበትህ!» እያሉ ገቡ።

አባባ ደንግጠው ተነሡ። «ስሜነሽ! ማን ሞተ?»

እትዬ ስሜነሽ ቀጥ አሉ። «አንተ ነሃ!»

«እኔ?»

«በዚህ ሳልፍ ድንኳኑን አይቼ... አንተ ሰውዬ፣ በቁምህ ታስለቅሰኛለህ?»

ከዚያ ሳቁ። ሁለቱም። ልጄ ሀሌታ በር ላይ ቆማ «ማሚ፣ ምንድነው? ለምን ክራይ አደረገች?» ትላለች፤ ለምን አለቀሱ ማለቷ ነው። ራቅ አድርገን ወንበር አወጣንላቸው። ነጠላቸውን አቃኑ፣ ሸራውን ወደ ላይ አዩት።

«ደግ ነው» አሉ። «ለእኔ ሲተከል እኔ አላየውም። እስቲ ዛሬ ልየው።»

ስልኬ እስከ ማታ አላረፈም። ማን ሞተ? ማን ሞተ? ማንም! ማንም አልሞተም!

ሰኞ፣ ሜይ 18

ፓስተሩ ደወሉ። «እህት አስካል፣ ድንኳኑ እኮ የለቅሶ ነው። ሕዝቡ ደንግጧል። ሟርት ነው የሚሉም አሉ።»

«እኛ በሟርት እናምናለን እንዴ ፓስተር?»

መልሳቸውን አልጠበቅሁም።

«ሰው ጥላ የሚገባው ሲሞት ብቻ ነው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

«እስቲ ልጸልይበት» ብለው ዘጉ። ይጸልዩበት። እኔ ቅዳሜ እተክለዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 27

ኤች ኦ ኤ ደግሞ! የሰፈሩ ማኅበር ሰውዬ ሕጉን ይዞ መጣ። ድንኳን የሰፈሩን መልክ ያበላሻል አለኝ። የቱን መልክ? ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ቡኒ! ዕድሜዬን ለመልክ የገበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ስለ መልክ ያስተምረኛል።

ጠየቅሁት። የተከለከለው ማሳደር ነው፤ በቀን ለዝግጅት ይቻላል።

«እንግዲያው በየቅዳሜው ዝግጅት አለን» አልኩት።

«የምን ዝግጅት?»

«አባቴ በሕይወት አሉ። መኖራቸውን እናከብራለን።»

ሕጉን አጥፎ ሄደ። ጠዋት ይተከላል፣ ማታ ይነቀላል። ይሁን!

ቅዳሜ፣ ጁላይ 11

ጎህ ሲቀድ ተከልን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እሳት ነው።

አሁን ብዙ ሆነናል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ሺፍት ላይ የሚውሉባቸው አዛውንቶች። ሀሌታ የደም ግፊት ትለካለች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አባቷን የሚያህሉትን፣ አያቷን የሚያህሉትን «እጅህን ስጠኝ፣ አትናገር» ትላለች፤ እርስዎ የሚባል ነገር አታውቅም። ማንም አይቆጣትም። አባባ የወንበሮቹን ርቀት ይቆጣጠራሉ። እንደገና ፎርማን ናቸው።

ወንበሮቹን ስደረድር አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርጌያቸዋለሁ። እጄ የለመደው ነዋ... ሰው ውጭውን እንዳያይ። አንድ በአንድ አዞርኳቸው። ተራራው ታየ። «ይህችን ተራራ አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም» አሉ እትዬ ስሜነሽ። እኔስ? ወቅት የሌለው ቤት ስሠራ ኖሬ መቼ አየኋት?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 25

ዛሬም ዝናብ የለም። «ሐምሌ ነው እኮ!» ይላሉ አባባ፣ ሰማዩን እየተቆጡ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

ጥላው ቦታውን ለቋል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን እየገባች አባባን ዓይናቸው ላይ መታቻቸው። ወንበሮቹን ሁለት እርምጃ ያህል ገፋን፣ እንደገና አየን፣ እንደገና ገፋን። አርባ አራት ዓመቴ ነው። መከር መግባቱን በልብስ ሱቅ መስኮት ሳይሆን በአባቴ ፊት ላይ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከቢሮ አሁንም ወሬ የለም። ዛሬ ስለ ቢሮ ያሰብኩት ይህን ስጽፍ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 12

ብርድ። ነፋሱ ሸራውን ሊነጥቀን ነበር። ብዙዎቹን ልጆቻቸው ከቤት አትውጡ ብለዋቸዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ በሽታው በርትቷል። የመጡት በብርድ ልብስ ተጀቡነው፣ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

እትዬ ስሜነሽ ድንገት «ስሞት ይህንን እንዳትተክሉብኝ» አሉ።

«ምነው?»

«ጠግቤዋለሁ። ለቅሶውን አዳራሽ አድርጉት። ቅዳሜ ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ትከሉት። ወንበሬንም አውጡ።»

«እኔ እቀድምሻለሁ» አሏቸው አባባ።

«አንተማ አንዴ ሞተህ አልቅሼልሃለሁ። አይደገምም።»

ማክሰኞ፣ ማርች 9፣ 2021

አለቃዬ ዳያን ደወለች። ዓመት ሙሉ ዝም ብላ! «ተመለሺ። አዲስ ካዚኖ ነው፣ ወለሉ በሙሉ ያንቺ ነው።» ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ቀለሞቹ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጡ።

«ቅዳሜ ግን አልሠራም» አልኳት።

ሳቀች። «ቅዳሜ አንቺ ሳይት ላይ ካልተገኘሽ ማን ይገኛል?» እስከ ዓርብ አስቢበት አለች።

ግዛቸው ኤፔክስ ከሚባለው ሰፈር፣ ከሚሠራበት መጋዘን ሲመጣ ነገርኩት። ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቶ ነው የሚመጣው። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ታዲያ ምኑ ያሳስባል? በኦቨርታይም ወገቤ ተቆረጠ አስካል።»

እውነቱን ነው። 

«አዛውንቶቹ አንድ ቅዳሜ ቢቀርባቸው ይሞታሉ?» አለ። ያለው ራሱን ከብዶት፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ።

ዓርብ፣ ማርች 12

እምቢ አልኩ።

«ሞያሽን ለድንኳን ትጥያለሽ?» አለችኝ ዳያን። አልጣልኩም! ፀሐይ በየወሩ በየት እንደምትገባ አይቶ ወንበር ማስቀመጥ የማን ሞያ ነው? ከእንግዲህ ግን ሰው እንዲጠፋበት ብዬ አንድ ክር አልመርጥም። በቃኝ። ከቤት ሆኜ የሰው ኩሽና ዲዛይን አደርጋለሁ፤ ገንዘቡ ያንሳል፣ መስኮት ግን አለው።

ግዛቸው አላናገረኝም። ማታ ጋራዥ ስገባ ለነገ ባልዲዎቹን አሰልፏቸዋል። አሁንም አላናገረኝም።

ሰኞ፣ ሜይ 17

እትዬ ስሜነሽ አረፉ። በእንቅልፋቸው። ልብ ነው አሉ። ያንን ሁሉ ክፉ ጊዜ አልፈው፣ ክትባታቸውን ወስደው፣ ሊስቁ ሲሉ... ዳግም የሚባለው ልጃቸው ከሲያትል እየመጣ ነው።

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። መጋረጃውን አልዘጋሁም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 18

«ለቁም ሰው ሁሉ ተተክሎ ለእናቴ ይቀራል?» አለኝ ዳግም። ዓይኑ ቀልቷል። ማንም ቢሆን እንዲህ ይላል። ፓስተሩም የቸርቹ ሽማግሌዎችም ከሱ ጋር ሆኑ። ያን ጊዜ ለምን ተከልሽ ያሉኝ ሰዎች ዛሬ ለምን አትተክዪም!

«ቃላቸው ነው» አልኩ።

«ማን ሰማ?»

አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔ ሰማሁ። አልቅሳልኛለች። ቃሏን አላጥፍም።»

ለቅሶው አዳራሽ ሆነ። ዳግም ሲሄድ አልጨበጠኝም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? ይህን ዛሬ ብቻ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ እተክላለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 22

ትናንት ቀበርናቸው። ዛሬ ተከልን። ወንበራቸውን አወጣሁ፣ ፊቱን ወደ ተራራው። ማንም አልተቀመጠበትም። 

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ዳግም መጣ፣ ማንም ሳይጠራው። መንገዱ ዳር ብዙ ቆመ። አባባ በምርኩዛቸው ወንበሩን አሳዩት። ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ጠዋት ስደውልላት አታነሣም ነበር» አለ ተራራውን እያየ። «ኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ ትለኛለች። በዚህ ዕድሜ የምን ሥራ እላት ነበር። ይሄ ነበር?»

«ይሄ ነበር» አልኩት።



ከዚያ አንድ መኪና ቆመ። ያገራችን ሰው ነው፣ ሸምገል ያለ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰደርያ። ከካዚኖ የሌሊት ሺፍት ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ። አያውቀንም። ድንኳን አይቶ ማለፍ አቅቶት ነው። አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ... ማን ሞቶ ነው?»

ሀሌታ የግፊት መለኪያውን እንደያዘች፣ ዓመት ሙሉ ስትመልስ የኖረችው አፏ ላይ መጣ። «ማንም አልሞተም። ግባ፣ ጥላ አለ።»

 ልጄ አፏን በእጇ ያዘች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ዳግም ቀና ብሎ አያት።  ከዚያ ተነሣ፤ የእናቱን ወንበር በመዳፉ ጠረገና ለሰውየው አቀረበለት።

«እሷ እንዳለችው ነው» አለ። «ይግቡ።»

ሰውየው ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ ተቀመጠ።