ደህና፣ ተመስገን

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ። አላዘንኩም። አያቴን ይዤ ውስጡ ሕክምና ወደሚሰጥበት የክሊኒክ አውቶቡስ ሄድኩ፤ ረቡዕ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ይቆማል። ነርሷ ኢትሴል እግሯን አጥባ አሰረችላት። ስኳሯ አልወርድ ብሏል... አውራ ጣቷ ላይ ያለው ቁስልም አልድን ብሏል።

ስንመለስ ጎረቤታችን ዶኛ ኩካ አጥሯ ላይ ተደግፋ፣ "እንዴት ነሽ ኤዱቪሄስ?"

"ደህና፣ ተመስገን።" እያነከሰች።

ትንሽ ራቅ ስንል፣ "ታዲያ ይሄ መግል የሚያዥ እግር የማን ነው፣ አቡኤላ?" አልኳት።

"የኔ ነው። ኩካን ምን አገባት?"

(ፊት ለፊት በስፓኒሽ አቡኤላ፣ አያቴ፣ እያልኩ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እኩያዬ ናት።)

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ትናንት ኢትሴል ዓይናችንን ሳታይ ነገረችን። ከዚህ ወር በኋላ አውቶቡሱ አይመጣም። ወደ ሌላ ሰፈር ሊዛወር ነው። ለምን? ዩኒቨርሲቲው በኦገስት ያደረገው ጥናት የኛ ሰፈር ሰው ጤነኛ ነው ስላለ። ከሸለቆው ሰፈሮች ሁሉ ጤነኛው እኛ ነን።

ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጆሪ ሲለቅሙ ወገባቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሰዎች... ጤነኞች።

ያኔ ቤት ነበርኩ እኮ። ዶክተር አማሮ የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ተመራማሪ መጥቶ "ጤናዎ እንዴት ነው?" አላት። አያቴ እግሯን ጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ "ደህና፣ ተመስገን።" ጻፈ። ማዶ ያለው ዶን ኢላርዮ ደግሞ መጀመሪያ ሳለ፣ ሳለ፣ ሳለ... ዓይኑን ጠረገና "ደህና፣ ተመስገን።" ያንንም ጻፈ።

ሆስፒታሉ በሁለት አውቶቡስ ነው የሚደረሰው። በዚያ እግር? ባሏ፣ ወንዱ አያቴ ፔድሮም "ደህና ነኝ" እያለ ነበር። መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ...

ሻወር ገባሁ። ውሃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ጠዋት ቦሎቄ ስትለቅም ያዝኳት።

"ለምን ዋሹት?"

"ማን ዋሸ? አመሰገንኩ እንጂ። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ውሃ እየጠጣ መግሌን ላውራለት?"

"የጠየቀው ለአውቶቡሱ ብሎ ነው።"

"ታዲያ ስለ አውቶቡሱ አይጠይቅም ነበር?"

ይቺን ሴትዮ ማን ይረታታል። ግን ልክ ናት... ጥያቄው ሰላምታ ይመስላል። ለሰላምታ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች በሽታቸውን የሚያወሩት ሲጠየቁ አይደለም፤ ሲፎካከሩ ነው። አንዱ "ጉልበቴ" ሲል ሌላው "እኔ ሁለቱም ጉልበቴ" ይላል። እሁድ ሎተሪያ ሲጫወቱ፣ የሥዕል ካርድ እየተጠራ ሰሌዳቸው ላይ ቦሎቄ ሲደረድሩ፣ የሚወራውን አንድ ሰው ቢሰማ...

ቆይ እስቲ።

ፍሪጁ ላይ የለጠፍነው ካርድ ላይ የዶክተሩ ስልክ አለ። ደወልኩና አውቶቡሱን ሊወስዱብን መሆኑን ነገርኩት።

"ደህና ነን ያላችሁት እናንተ ናችሁ" አለኝ።

"የእርስዎ እናት እንዴት ነዎት ሲባሉ ምን ይላሉ?"

ሳቀ፤ ብዙም የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"እሁድ ሎተሪያ ይምጡ። ታማሌ ይብሉ። ጤናዎ እንዴት ነው እንዳይሉ ብቻ።"

"ሳላስፈቅድ የሰማሁትን መጻፍ አልችልም።"

"ያስፈቅዱ። ፉክክሩ ሲጀመር መኖርዎንም ይረሱታል።"

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ። ዶክተሩ ተነስቶ አስፈቀደ። "ጻፍ፣ ጻፍ፣ እኛ ምን አለን፣ ደህና ነን" አሉት።

ካርድ ጠሪዋ እኔ ነኝ። ሥዕሉን ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ ጠሪ ከራሱ ይጨምራል። እኔም ጨመርኩ።

"እጅ። ጠዋት ጠዋት አልዘረጋም የሚለው የማን እጅ ነው?"

"የኔ" አለች ዶኛ ኩካ፣ ሥዕሉ ላይ ቦሎቄ እያስቀመጠች።

"ያንቺ ማንኪያ ይይዛል" አለ ዶን ኢላርዮ። "የኔን ሸሚዝ የምትቆልፈው ልጄ ናት። የኔስ ሳል? እርሻው ላይ የተባይ መድኃኒት ከተረጨብን ወዲህ ተጋድሜ ተኝቼ አላውቅም። ተቀምጬ ነው የማድረው።"

"ለዚህ ነዋ ቅዳሴ ላይ የምታንኮራፋው" አለችው ኩካ።

ጀመሩ። ኩላሊት፣ ዓይን፣ ወገብ፣ የወገብ ወገብ... ዶክተሩ ለመጻፍ ሲጣደፍ ታማሌውን ከተጠቀለለበት የበቆሎ ቅጠል ጋር ነከሰው።

አያቴ ግን ዝም። ቦሎቄዋን ትደረድራለች። ፈራሁ። ዋናዋ ዝም ካለች ምን ዋጋ አለው?

"ቦት ጫማ" ብዬ ጠራሁ። "ጫማ አልገባ ያለው የማን እግር ነው?"

"የኔ" አለች ኩካ። "እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ አውራ ጣት የተጎዳ የለም።"

አያቴ ቀና አለች። ካልሲዋን አወለቀች። ፋሻውን ፈታች። እግሯን ዶክተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ ሰቀለችና፣ አሸናፊ ብቻ የሚላትን ቃል ቀስ ብላ ተናገረች።

"ሎተሪያ።"

ማንም አልሳቀም። የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆመ። ኩካ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግሯን ወደ ወንበሯ ሥር ደበቀች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

አውቶቡሱን የሚመድበው የካውንቲው አስተዳደር ስብሰባ። ዶክተሩ ቆሞ ጥያቄውን ያበላሸው ራሱ እንደሆነ፣ ጥናቱ እንደገና መሠራት እንዳለበት ተናገረ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ አያቴ ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰች።

ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ በተሰባበረ ስፓኒሽ፣ "እንዴት ነዎት፣ እመቤት?"

የአያቴ አፍ በልማዱ ተከፈተ። "ደህ..."

አለቀልን አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ።

"ተመስገን" አለች። "ደህና አይደለሁም። ከኋላዬ የተቀመጡትም ደህና አይደሉም። ጨዋ ስለሆንን ደህና ነን አልን። ጨዋነታችንን እንደ ጤና ቆጥራችሁ አውቶቡሱን ልትወስዱ? አይሆንም። ብትወስዱትም ረቡዕ ረቡዕ እዚያው ጓሮ ቆመን እንጠብቀዋለን። መጥታችሁ እንዴት ናችሁ በሉን።"

ዶን ኢላርዮ ሳለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

አውቶቡሱ አለ። ጥናቱ እንደገና እስኪሠራ አይነካም ተብሏል። ከዚያስ? ከዚያ እንደገና እንሄዳለን። አያቴ ካልሲዋን የት እንደምታወልቅ አሁን ታውቃለች።

የሰፈሩን ሰላም ግን አጥፍቻለሁ። ስንሄድ ኩካ "እንዴት ነሽ?" ስትላት፣ አያቴ ከጣቷ ጀምራ እስከ ወገቧ ተረከችላት። የኩካ ድስት አረረ። ውሸታሟ አያቴ ናፈቀችኝ።

ኢትሴል ፋሻውን እያሰረች፣ "አንቺስ ያሬትሲ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና፣ ተመስገን።"

አያቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ንገሪያት። ሻወር ውስጥ ውሃ ከፍታ የምታለቅሰው ማን ናት?"

... ትሰማ ነበር ለካ።

ኢትሴል ለኔም ወንበር ሳበች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዛሬም አመለጠኝ።