ናዳችንን በረከት ላሉልን ክቡር ሹም

ለክቡር የአውሮፕላን ማረፊያው የጥበቃና የፍተሻ ኃላፊ፣
ካሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቢሮዎ መስኮት ከውስጥ በኩል ሲያልበው ከደጅ ሆኜ አይቻለሁና ስለ ብርዱ አልጠይቅዎትም። እኔም የእርስዎ በጎ ፈቃድ አልጎደለብኝምና፣ ትናንት ጠዋት በተቀመጥኩባት የመጠበቂያ አዳራሽ የብረት ወንበር ላይ በደህና አለሁ። ሁለት ጊዜ በዝግ ፖስታ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት አድክሞዎት እንደሆነ በማሰብ ይህኛውን በግልጽ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት መንገደኛው ያነበዋል።

ስሜ ላማራ ናካኒ ነው፤ በረዶ ከማይለየው የተራራ አገር፣ የስቫኔቲ ሰው ነኝ። የመንደራችን የነፍስ አድን ጓድ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤ የጓዱ መሪ ኦቲያ ደግሞ የወለድኩት ልጄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ከመንደራችን በላይ ባለችው ጎጥ ሦስት አዛውንቶች ቀርተዋል፤ አንዷ እናቴ ናት። የዘንድሮው በረዶ ከበላያቸው ያለውን ተዳፋት ሞልቶት ሊናድ ተቃርቧል። የጓዱ ልጆች ወጥተው ሊያወርዷቸው ይገባል፤ መንገዱ ግን የሚያልፈው በዚያው ተዳፋት ሥር ነው። ዕቃችንን ለጥገና ወደ ከተማ ይዤ የወረድኩት ለዚህ ነበር። ተጠግኗል፣ ተሞክሯል፣ ሠርቷል። የቀረው በእርስዎ በር ማለፍ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ) ስላወጣችሁልን ስም። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በቋንቋችን የበረዶ ናዳ «ዝቫቪ» ነው፤ የእህል ክምር፣ የጎተራ በረከት ደግሞ «ኽቫቪ» ነው። የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት። እኛ የተራራ ሰዎች ጉሮሯችን ሻካራ ስለሆነ፣ በስልክ የናዳ ቦርሳ እንደምጭን ባስታወቅሁ ጊዜ የቲኬት ቢሮዋ ልጅ «የበረከት ቦርሳ» ብላ መዘገበችው። ቦርሳው ናዳ ሲመጣ እጀታው ሲሳብ በአየር ተነፍቶ ሰውን ከበረዶው በላይ የሚያንሳፍፍ ነው። የእርስዎ ፈታሽ ግን የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቦ፣ «እናቴ፣ ስንዴ ነው በቆሎ?» አለኝ። «ናዳ ነው» አልኩት። «ናዳ ይዘው ነው እንዴ የመጡት? ታዲያ ቀስ አድርገው ያስቀምጡት እንጂ!» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀብኝ። ከዚያም ወደ እህል ተባይ ተቆጣጣሪዋ ላከኝ፤ እሷም ቦርሳውን ከፍታ፣ አሽትታ፣ አራግፋ «ነቀዝ የሌለበት» የሚል ማኅተም መታችበት። ልጄ ከናዳ ባይድን እንኳ ከነቀዝ እንደሚድን አረጋግጬ ወደ ሰልፉ ተመለስኩ።

፪ኛ) ስላደረጋችሁልን ሙከራ። ስመለስ ሌላ ፈታሽ ተተክቶ ነበርና ነገሩን ከሀ ጀመርነው። «ይቺ ቀይ እጀታ ምንድን ናት?» አለኝ። «እንዳትስባት የኔ ጌታ» እያልኩ ሳባት። ቦርሳው ባንድ ትንፋሽ ተነፍቶ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አሽቀነጠረው፤ ከኋላዬ የነበሩት ቄስ አማተቡ፤ አንዲት ሴት «ፈነዳ!» ብላ ከነሻንጣዋ ወለል ላይ ተኛች። ሠራተኛዎ ባደረገው ጥንቃቄ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው በበረዶ አልተቀበረም፤ ስለዚህም መሥሪያ ቤትዎ ሊመሰገን ይገባዋል። ቦርሳውን የሚነፋው የአየር ሲሊንደር ግን ባዶውን ቀረ። ሙሉ እያለ «ሙሉ ስለሆነ አያልፍም» ተብሎ ነበር፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ማስረጃ ስለሆነ አያልፍም» ተባለ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

፫ኛ) ስለ አምስቱ የምልክት መሣሪያዎች። ይህን ሲያነቡ ቢቻልዎ ስልክዎን ያስቀምጡልኝ። እነዚህ መሣሪያዎች መዳፍ የሚያክሉ፣ ደረት ላይ የሚታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሰው ቢቀበር የሱ መሣሪያ ከበረዶው ሥር ምልክት ይልካል፣ የጓደኛው መሣሪያ ይቀበለዋል። የፈረቃ አለቃው አገላብጦ አይቷቸው፣ «የሬዲዮ ማስተላለፊያ ናቸው። ለማን ነው የሚያስተላልፉት?» አለኝ። «ለተረፈው» አልኩት። «የተረፈውስ ፈቃድ አለው?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። አምስቱንም ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። አብረው የነበሩትን ተጣጣፊ አካፋዎች ግን በትሕትና አጣጥፎ መለሰልኝ። የት እንደምንቆፍር የሚነግረንን አስቀርታችሁ የምንቆፍርበትን ሰጣችሁን ማለት ነው፤ ለቀብር ከሆነ በእውነቱ በቂ ነው።

፬ኛ) ስለ ምክራችሁ። «እንደዚህ ያለ ዕቃ በመኪና ነው የሚላከው» አለኝ አለቃው። መንገዱ ተዘግቷል አልኩት። «በምን?» በናዳ። «እንግዲያውስ እስኪከፈት ይጠብቁ። ማነው የሚከፍተው?» ከላይ በኩል የሚከፍቱት የዚህ ዕቃ ባለቤቶች ናቸው አልኩት። «ታዲያ ይንገሯቸዋ!» ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

፭ኛ) ስለ

ይቅርታ ክቡር ሆይ። አምስተኛውን ስጀምር ስልኬ ጮኸ፤ ኦቲያ ነበር። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ማሳመር አልችልበትም።

«እማ፣ ተሳፈርሽ?»

«አልተሳፈርኩም።»

«ዕቃውስ?»

የተቆለፈውን ቁምሳጥን አየሁ።

«በቃ ገባኝ። እኛ ነገ ጎህ ሲቀድ እንወጣለን፣ ፀሐይ ተዳፋቱን ሳትመታው።»

«ኦቲያ፣ በሞቴ ጠብቀኝ።»

«እማዬ፣ አያቴ እኮ ‹እንግዶቼን ሳልሸኝ ንቅንቅ አልልም› ብላ ነው እስከ ዛሬ ያቆየችን፤ ዛሬ ማታ ትሸኛቸዋለች። ነገ ካለፈ ተዳፋቱ አይታገሠንም። ቀይ ገመድ ወገባችን ላይ አስረን እየጎተትን እንሄዳለን፣ እንደ ድሮ ሰዎች። ጫፉ ከበረዶው በላይ ከቀረ ታገኙናላችሁ።»

«ካልቀረስ?»

«አታልቅሺ እንጂ፤ ሰው ይሰማሻል።»

ይሁንና ሰማኝ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማኝ። እናቴ የምትሸኛቸው እንግዶች ሙታኖቻችን ናቸው። በኛ ዘንድ የሞቱ ዘመዶች በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ማዕድ ይዘረጋላቸዋል፤ ሳይሸኟቸው ከቤት አይወጣም። እናቴ ለአባቴና ለታላቅ ወንድሜ ሳህን አስቀምጣ ከነሱ ጋር እራቷን እየበላች ሰንብታለች። ማዕዱ ጠባብ ነው ክቡር ሆይ። ለልጄ ሳህን የሚጨመርበት ቦታ የለውም።

እስከዚህ ድረስ በሽሙጥ መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ አልቻልኩም። እየለመንኩዎ ነው። ቦርሳው ይቅር፣ እህልም ይባል፣ ናዳም ይባል፣ ለእርስዎ ይሁን። ሲሊንደሩም ማስረጃ ሆኖ ይቀመጥ፤ እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። አምስቱን መሣሪያዎች ብቻ ይስጡኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደኛ የምትበር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ሰማዩ ጠርቷልና እንደ ትናንቱ ዛሬም ትነሣለች። እኔን ካላመናችሁኝ እዚሁ መያዣ ሆኜ ልቅር፤ መሣሪያዎቹ በአውሮፕላኗ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ቀበቶ ታስሮላቸው ይሂዱ። አለቃው የጠየቀኝ የፈቃድ ወረቀት ነገ ከሰዓት ቢደርስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ልጄን እወደዋለሁ። ከዚህ ሌላ የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ቅጻችሁ ላይም ይህን የሚጽፉበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ውድ ጊዜዎን ስላልሰጡኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ከደጅዎ የሚጮህ ሰው እንቅልፍ እንዳይነሣዎ፣ በልጆችዎም ላይ ማንም ፈቃድ ጠያቂ እንዳይሾምባቸው ዘወትር የምጸልይ፣

እስከ መሳፈሪያው ሰዓት ከወንበሬ የማልነሣ፣

የኦቲያ እናት፣
ላማራ ናካኒ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስነሣ፣ በመጪው ሳምንት ከነቤተሰብዎ ለበረዶ ሸርተቴ ወደ አገራችን እንደሚመጡ ጸሐፊዎ በደስታ ነገረችኝ። እንኳን ደህና መጡ። እግዜር አያድርገውና በረዶ ቢወስድዎ፣ ከልጆቻችን የተረፉት በሙሉ ወጥተው ይፈልጉዎታል፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይወቁልኝ፦ ከበረዶ ሥር ያለ ሰው ከበላዩ የሚረግጡትን እግሮች ይሰማል፤ ስሙን ሲጠሩትም ይሰማል። እሱ «አለሁ» ሲል ግን አይሰሙትም።