በአባቴ ግራና ቀኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ከቀኑ 11 ሰዓት

እጄ በእሾህ ተተልትሏል፣ ብዕሩ ይንሸራተታል። ቢሆንም ደብተሬ፣ ሳልጽፍልሽ አላድርም። ዛሬም ቤ/ክ ግቢ፣ የድሮው መካነ መቃብር፣ ስንመነጥር ዋልን። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የምንገናኘው እዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማጭድና ዶማ ይዘን። የልማት ተነሺ ያልሆኑት ሙታኑ ብቻ ናቸው። ጋሽ ታደሰ፣ የፒያሳው ወርቅ ሠሪ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ያዝዙናል። ቀስ በሉ፣ እንዳትጭሩት ይላሉ። ድንጋይ ነው እኮ ጋሼ!

የአባቴን ጨረስኩ። ታጠበ፣ ኖራ ተቀባ። በስተቀኙ ያለውንም አብሬ ነጭ አደረግኩት። ስሙ ተፍቆ ጠፍቷል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰው የሌለው ያሳዝነኛል።

በስተግራው ያለችውን አልነካኋትም። ድንጋይዋ በግንባሩ ተደፍቷል፣ ቀጋ ውጧታል። ይዋጣት። የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ናት። የግርማ እናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ኬክ ቤት፣ ባንኮኒ ጀርባ። ገበያ የለም።

ግርማ በአባት ወንድሜ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አባቴ እናቴን አገባ፣ በሽማግሌ፣ ያለ ወረቀት። እሷ ናት ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ሲያመው አቅፋው ያደረችው። እኔን የወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ስትሞት ይሄ ሰው ከአዳማ ድረስ ገሰገሰ። ለለቅሶ መስሎኝ! ቤ/ክ ጽ/ቤት ገብቶ ሠራተኛችን ነበረች፣ አባቴ አጠገብ አትቀበርም አለ። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል፣ የሚመሰክር የለም። ሬሳ ይዘን ከተማ ዳር ወጣን። እዚያ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሀል ተኝታለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በወሩ መጨረሻ ኮሚቴው የቤተሰብ ቀን ጠርቷል። ግርማም ይመጣል። መቃብሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ የእናቱ ብቻ ቀጋ ለብሳ ያገኛታል። በሰው ሁሉ ፊት። ብድሬ ይኸው ነው። ትንሽ ነው? ትንሽ ይሁን፣ የኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እትዬ ዘሃራ ነቃችብኝ። የእናቴ ጓደኛ፣ የወሎዋ፣ የቀድሞ የግድግዳ ጎረቤታችን። እስላም ናት ግን ቅዳሜ አትቀርም፣ ውኃ የምታመላልስልን እሷ ናት። ጀሪካኗን አስቀምጣ ቀጋውን አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተች ምን አረገችሽ? እሷ እኮ አንቺን አታውቅሽም።»

ልጇ ያውቀኛል አልኳት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብላ ተረተችብኝ። ጸሎት ላይ አይደለሁም እትዬ፣ አረም ላይ ነኝ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ውኃውን ቀድታልኝ ሄደች።

ተናድጃለሁ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጉድ ፈላ። ጋሽ ታ. አዲስ ነገር አመጡ። ማንም ያላጸዳው፣ ሰው የሌለው መቃብር ከቤተሰብ ቀን በኋላ ሰኞ ይከፈታል። አጽሙ ፍትሐት ተደርጎለት ከሌሎቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ይገባል። ቦታ ጠቧል፣ ካህናቱም ተስማምተዋል።

እየዞሩ ሲጠይቁ ቀጋው ጋ ደረሱ። ከአባትሽ አጠገብ ናት፣ የማን ናት አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

እንዲሁ ወጣ ከአፌ። እትዬ ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። ውሸቴን ለኔ ተወችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የኔ እናት ከማታውቃቸው ጋር፣ የሱም ከማታውቃቸው ጋር! እኩል ሆንን!

ምሳ ግን አልወረደልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
9 ሰዓት። ከቤተሰብ ቀን መመለሴ ነው።

ግርማ መጣ። ሸብቷል። ኮት ለብሶ፣ ጧፍ ይዞ። ቀጥ ብሎ አባቴ ጋ ደረሰ። ወደ ግራ አየ፣ ቀጋ። ወደ ቀኝ አየ፣ ነጭ። የእናቱ በየትኛው ጎን እንደሆነ ረስቶታል። አላመነታም። ቀኙ ላይ ተደፋ።

እማዬ እያለ አለቀሰ። ስሙ ለጠፋው ሰው! ምናልባትም ለአንድ ጢማም ሽማግሌ! በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ሰዉ ያለቀስኩ መሰለው።

ከዚያ ተነሣ፣ ትከሻዬን አቅፎ ወደ ሰዉ ዞረ።

«እናቴን እንዲህ አድርጋ የጠበቀችልኝ እህቴ ናት።»

እህቴ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል። ለተሳሳተ መቃብር ተሰጠኝ። ሳቄ እንዴት እንደጠፋ አላውቅም።

ስለ እናቴ? አንድ ቃል አልተነፈሰም። የት እንዳለች እንኳ አልጠየቀም። አሁን፣ ስጽፍልሽ፣ ገባኝ። ለምን አላመነታም? የሠራተኛዋ ልጅ የእናቱን መቃብር ማጽዳቷን አልተጠራጠረማ! ማን ያጽዳላት ታዲያ?

እሳት ሆኛለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ነገ ሊከፍቷት ነው። ቆሜ አየኋት። ከዚያ ማጭዱን አነሣሁ። አዝኜ አይደለም፣ ወይም ለማዘን ብቻ አይደለም። እኩል መሆኑ አልበቃኝም። ቀጋውን ከሥሩ ነቀልኩት፣ ነጠላዬ ተቀደደ። ድንጋዩን ማቃናት ሲያቅተኝ ጋሽ ታ. መጥተው አብረን ገለበጥነው።

ስሟን አነበቡ። ነጩን መቃብር አዩ፣ የግርማ ጧፍ ቀልጦ የፈሰሰበትን። እኔን አዩ። ሳል መጣባቸው፣ ወይም ሳቅ።

የማን ናት ታዲያ? አሉ።

የኔ ናት አልኩ። የቤተሰቤ።

በቃ፣ ባለቤት አላት፣ አትከፈትም አሉ። ሌላ ቦታ ያረፈ ዘመድ ካለሽም አጽሙን አምጥተሽ እዚሁ ማሳረፍ ትችያለሽ፣ ካህናቱን እኔ አናግራለሁ። እያወቁ ይሁን ሳያውቁ እንጃ። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ሄዱ።

ተቀመጥኩ። እትዬ፣ እንግዳ ይዤልሽ ልመጣ ነው አልኳት፣ የግርማን እናት። ልጅሽን ያሳደገችልሽን።

ወሰንኩ። እናቴን አመጣታለሁ። አባቴ አጠገብ፣ ከሚስቱ ጋር። ለግርማ አሁን ምንም አልነግረውም፣ ጧፉን ለዚያ ጢማም ሽማግሌ ያብራ። ድንጋይ ጠራቢው ጋ ነገ እሄዳለሁ። ሁለት ስም አስቀርጻለሁ፣ የእናቱን ከላይ፣ የእናቴን ከታች። ከሥራቸው በትልቁ፦ የግርማ እናቶች።

እናቴ በምትመጣበት ቀን እሱንም እጠራዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ባለበት። ቆሞ ያንብብ።