ሰው ሠራሽ ጥርስ

ጥቅምት 4
የተለመደ ማክሰኞ። ሁለት ክፍል አስተማርኩ። ባጃጅ አጥቼ ከኮሌጁ እስከ ቤት በእግሬ።

ማታ እህቴ ሳህሊቱ ከቦዲቲ ደወለች። አባባን ስታነሳ ስታስቀምጥ ወገቧ አለቀ። «እዮኤል፣ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

እሺ አልኩ። እወዳቸዋለሁ? አልወዳቸውም። ልጅ ሆኜ «አንተ ደንቆሮ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ግን ምንም አይጎድልባቸውም። ወስኛለሁ።

ጥቅምት 8
የሳህሊቱ ባል በሚኒባስ ይዟቸው መጣ። አላወቁኝም… ከረሱን ቆይተዋል። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ይቅርታ፣ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

እርስዎ! ዕድሜ ልኬን ያላገኘሁትን አንቱታ፣ ሲረሱኝ አገኘሁት። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም።

ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ማታ ማታ ወልቆ ይታጠባል። አፋቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። በስንት ልመና! ሳጥበው አቅለሸለሸኝ።

ጥቅምት 12
የዛሬው ትምህርት ሁለት የጥንት ቻይና ፈላስፎች። አንዱ፣ ደግነት ሰው ውስጥ እንደ ቡቃያ አለ፣ መንከባከብ ብቻ ነው ይላል። ሌላው፣ ሰው ሲፈጠር ለራሱ ብቻ ነው፤ ደግነት በልምምድና በሥርዓት የሚሠራ ነገር ነው። ይሄንን ሳስረዳ፣ «በአጭሩ፣ ደግነት ሰው ሠራሽ ነው» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሶርሳ፣ ያ ከገሱባ ከተማ የመጣው ተማሪ፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሰው ሠራሽ ከሆነች እንደ ዊግ ናታ! ማስመሰል ማለት አይደለም?»

«እንመለስበታለን» ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ፈላስፋው የተጠቀመበት ቃል በቻይንኛም ሁለቱንም ይይዛል ይባላል፣ መሥራትንም ማስመሰልንም። ታዲያ እኔስ? ማታ ማታ የማደርገው ምንድን ነው? ሠራሁ ወይስ አስመሰልኩ?

ጥቅምት 23
አጠብኩ። ደስ ብሎኝ? አይደለም። አጠብኩ።

ኅዳር 6
ሳህሊቱ ተሽሏታል። «ልውሰደው። አንተ እኮ አትወደውም።»

እሷ ከልጅነቷም «አንተ» ነው የምትላቸው። ጉንጫቸውን ስማ ታስቃቸዋለች። ቡቃያው ከእሷ ጋር አብሮ ተወልዷል… እኔ ጋ ባዶ መሬት ነው።

«እኔ ጋ ይቆዩ» አልኩ።
«ለምን?»
«ጀምሬዋለሁ። አልተውም።»

ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ግን አልተውም።

ኅዳር 14
ነገ ጾም ይገባል። ለቅበላ ሥጋ ጠበስኩ። ሳህኑን ፊታቸው ሳስቀምጥ ነው ያየሁት፦ አድቅቄ ከትፌዋለሁ። መቼ? ሳላስበው እጄ ሠርቶታል።

አባባ አኘኩ። ቀስ እያሉ ጨረሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እግዜር ይስጥዎ። አባት አለዎት?»
«አሉኝ።»
«ምነው ታዲያ እሳቸውን ትተው እኔን ይጦራሉ?»

«አልተውኳቸውም» አልኩ።

«እድለኛ ናቸው» አሉ። ጥርሳቸውን ራሳቸው አወለቁና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳይለመኑ።

ለረጅም ጊዜ አጠብኩት። አላቅለሸለሸኝም። አለቀስኩ እንጂ።

ነገ ለሶርሳ እነግረዋለሁ። ደግነት ሰው ሠራሽ ነው፣ አዎ። ግን ዊግ አይደለም፣ ጥርስ ነው። ያኝካል።