በወረቀት ላይ አልጮኽ ስላለው አውራ ዶሮ

ለተከበሩ አቶ ደገፉ
የላይኛው ክላስተር ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቴክኖሎጂ ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ ሌባ ጣት ደህና ነው? ጣትዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ ጌታሁን እባላለሁ። በሶዶ ከተማ ጎማ እጠግናለሁ፤ ፊደልንም የቆጠርሁት ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ የምታስተምረው መምህርት ሰብለ የእህቴ ልጅ ናት።

ኮሚቴዎ እያንዳንዱ መምህር ተማሪው በኢንተርኔት እየነካካ የሚማርበት አንድ መልመጃ እንዲያዘጋጅ ባዘዘ ጊዜ፣ ሰብለ ጎማ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ሦስት ቅዳሜ ለፋችበት። መልመጃው በስልክ ሲከፈት እኛ በቤታችን ኡታ የምንለው እንሰት ቆሞ ይታያል። ተማሪው ተቀቅሎ የሚበላውን የአሚቾን፣ ገንፎ የሚሆነውን የቡላን፣ ገመድ የሚሆነውን የቃጫን ሥዕል በጣቱ እየጎተተ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደሚገኝ ያሳያል። ከአሥሩ ጥያቄ ግማሹን ካወቀ በመጨረሻ ይጨበጨብለታል፤ ካላወቀ አውራ ዶሮ አንድ ጊዜ ይጮኽበታል። እኔ ስሞክረው ሁለት ጊዜ ስለጮኸብኝ፣ ደንበኞቼ «ጋሽ ጌታሁን፣ ዶሮ ማርባት ጀመሩ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ይህ የኢንተርኔት መልመጃ በወረቀት ታትሞ፣ በሦስት ቅጂና በሸኚ ደብዳቤ እንዲቀርብልዎ በማዘዝዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰብለ ሊንኩን በደብዳቤው ግርጌ ብትጽፍልዎም «ሊንክ አባሪ አይደለም» በሚል ጥልቅ መልስ አስተምረዋታል።

፪ኛ. ሰኞ ዕለት በተደረገው ስብሰባ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ ሰብለ ፊታቸው ቆማ እያየች፣ ወረቀቱን በየተራ በጣታቸው ስለተጫኑላት ከልብ አመሰግናለሁ። ምክትልዎ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ደግመው መሞከራቸው የሥራ ትጋታቸውን ያሳያል። እርስዎም ቡላውን ወደ ግንዱ ለመጎተት ባደረጉት ብርቱ ጥረት አንደኛውን ቅጂ ለሁለት ቀደዱት። ከዚያም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ ዶሮው አይጮኽም፣ ስለዚህ አይሠራም» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

፫ኛ. የውድቅነቱ ማህተም «ጀምር» በሚለው ቁልፍ ላይ በማረፉም ኮርቻለሁ። ከእንግዲህ ወረቀቱ ራሱ ቢፈልግ እንኳ መጀመር አይችልም።

ክቡርነትዎ፣ መሳቄን ትንሽ ላቁመው። በዚህ ውሳኔ ምክንያት ሰብለ የሥራ አፈጻጸሟ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ መልመጃውም ክፍል እንዳይገባ ታግዷል። አርባ ስምንት ልጆች ግን ዓርብ ዕለት ዶሮው ይጮኻል ተብለው ቀን እየቆጠሩ ነው። እሷ «አጎቴ፣ በሞቴ ተው፣ ጭራሽ ይብስብኛል» ብላ ለምናኝ ነበር። ልተወው ተነሥቼም ነበር፤ ነገር ግን ያቺ ልጅ ለሥራ ስትወጣ ፊቷን አይቼ አልቻልሁም። ስለዚህ «አይሠራም» የሚለውን ቃል ከዓርብ በፊት እንዲሰርዙልን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ጎማ የሚፈተሸው ተነፍቶ ነው እንጂ በፎቶግራፍ አይደለም፤ ይህን ያህል እኔም አውቃለሁ።

ለጣትዎ ዕረፍትን፣ ለማህተምዎ ቀለምን፣ ለኮሚቴዎ ያልተቀደደ ወረቀትን እየተመኘሁ፣ ከዘይትና ከግራሶ በታጠበ እጄ በአክብሮት ፈርሜያለሁ።

ጌታሁን፣ ጎማ ጠጋኝና የመምህርት ሰብለ አጎት

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤትዎ የጥበቃ ሠራተኛ ለአቶ ቦልቴ (ምክንያቱ ከታች ተገልጿል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልመጃው የሞከረውን ሰው ስምና ውጤት ለመምህርቷ እንደሚያሳውቅ ልነግርዎ ረስቼ ነበር። ከስብሰባው ማግስት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ «ደገፉ» የሚባል ሰው ከፍቶት አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሯል። ከአሥር ያገኘው ከፍተኛ ውጤት አራት ሲሆን፣ ቡላን አሥራ አንዱንም ጊዜ ቅጠሉ ላይ አስቀምጦታል። ሰውየው እርስዎ ነዎት ለማለት አልደፍርም፤ ደገፉ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ዓርብ ዕለት ግን ለማንኛውም ደገፉ ከሰባተኛ «ለ» ክፍል የኋላ ወንበር ይያዝለታል። እስከዚያው ድረስ፣ ብስክሌታቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው የነገሩኝ አቶ ቦልቴ፣ በዚያ ረፋድ ከቢሮዎ በኩል አሥራ አንድ ጊዜ ሲጮኽ የሰሙትን አውራ ዶሮ ዛሬም በአጥሩ ሥር እያጎነበሱ እየፈለጉት ስለሆነ፣ እባክዎ ይንገሯቸውና ወደ በራቸው ይመለሱ።