ሳምሪን ከጣራው ጋር ስለማስመዝገብ

ለአጥቢያችን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ሰበታ

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ በቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ ውስጥ እንድትካተትልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የእግዚአብሔር ሰዎች ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በአዲሱ ጣራ ሥር፣ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ፣ እኔም ባለቤቴን ደስታነሽን ከቀበርኩ ወዲህ ከልጄ ከጣቢታና ከልጇ ከሳምሪ ጋር በሰላም እንዳለሁ በትሕትና አስታውቃለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ የጎደለውን ቃል በፍቅር ሞልታችሁ አንብቡልኝ። ለሁሉ በሚታይ ደብዳቤ መጻፌም ከድፍረት አይደለም። በግል በመጣሁ ቁጥር "በጸሎት እንያዘው" ስለምትሉኝ፣ የሚጸልየው ቢበዛ ይፈጥን ይሆናል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ።

፩. ጣቢታና አማቼ የነበሩት ወንድም ማርቆስ ሲፋቱ ቤታችን ድረስ መጥታችሁ ስለሸመገላችሁን አመሰግናለሁ። "አማኝ ከአማኝ ጋር በዓለም ፍርድ ቤት አይካሰስም" ብላችሁን፣ ወንድም ማርቆስ የሳምሪን ቀለብና ትምህርት ኮሌጅ እስክትጨርስ ሊችሉ ቃል ገቡ፤ እናንተም ነገሩን በጸሎት ዘጋችሁት። በእርግጥም ተዘጋ። ያን ዕለት ጣቢታ "አባዬ፣ ፊርማ የለውም እኮ" ብትለኝ የተቆጣኋት እኔ ነኝ፤ ከአሜን በኋላ ፊርማ መጠየቅ እምነት ማጣት መስሎኝ ነበር። እምነት የጎደለው እሷን ይሁን እኔን፣ ዛሬም ስንበረከክ ጌታን እጠይቃለሁ።

፪. ቀለቡ ሲቋረጥ "ሥራ ቀዝቅዞበት ነው፣ ታገሡት" ብላችሁ ስላጽናናችሁን አመሰግናለሁ። ወንድም ማርቆስ በዚያው ብርድ ውስጥ ቡራዩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከፈቱ፣ ሱሉልታ ላይም ቤት ሠሩ። ሳምሪ ነርስነት የምትማርበት ኮሌጅ ቡራዩ ስለሆነ ታክሲው በመደብሩ ደጃፍ ያልፋል፤ የቀዘቀዘው ሥራ በአይሱዙ ሲጫን በየቀኑ ታየዋለች።

፫. የቤተ ክርስቲያናችንን የጣራ ቆርቆሮ ወንድም ማርቆስ ብቻቸውን እንደቻሉ ከመድረክ ስታበስሩ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እጄ ቀድሞኝ ነው። እንደምታዩት ከጣራው ወዲህ አንቱ እላቸዋለሁ። "አርአያ አባት" የሚል የምስክር ወረቀት መስጠታችሁም ደግ ነው። ብቻ ወረቀቱን የምታስረክብ ስትፈልጉ፣ ከመዘምራኑ ሁሉ መካከል ሳምሪን የመረጣችሁት ልጃቸው መሆኗን ረስታችሁ ነው ወይስ አስታውሳችሁ? ልጅቷ በሁለት እጇ ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ ተመለሰች። ለፎቶው አቅፈዋት "አንቺ፣ አደግሽ እኮ!" አሏት። እውነታቸውን ነው፤ አድጋለች።

፬. ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ኮሌጁ ድረስ በመግባቱ አመሰግናለሁ። ሳምሪ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘምላት ብትለምን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፎቶውን አውጥታ "ይሄ አባትሽ አይደለም? ለቤተ ክርስቲያን ጣራ የሚያለብስ አባት እያለሽ መጥተሽ እኔ ላይ ታለቅሻለሽ?" አለቻት። እንግዲህ ካልተከፈለላት ሰኞ ፈተና አትቀመጥም።

ጎረቤቴ ኦቦ ጎበና የሌላ ቤተ እምነት ሰው ናቸው። ይህን ሰምተው፣ በኦሮምኛቸው ጠርተውኝ፣ "ያ ቲቶ፣ የእናንተ ጌታ ከልጅ ቆርቆሮ ይበልጥበታል እንዴ?" አሉኝ። መልሱ እናንተ ዘንድ ካለ በጽሑፍ ላኩልኝ፤ አጥራችን አንድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ያገኙኛል።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ወንድም ማርቆስ ለግንባታ ተጠይቀው እምቢ ብለው እንደማያውቁ እናንተው መስክራችኋል። ስለዚህ ሳምሪን እንደ አንድ ምሰሶ፣ ምሰሶው ከበዛም እንደ አንድ መስኮት ቆጥራችሁ ከግንባታው ጋር መዝግቡልኝ። በመጪው እሑድ ለወለሉ ሴራሚክ "እጁን የሚያነሳ ማነው?" ስትሉ እኔ ልጅቷን ይዤ ወደ ፊት እወጣለሁ፤ ከሴራሚኩ በፊት እሷን ጥሩልኝ። አባቷ ከፊተኛው ወንበር እጃቸውን ካነሱ አሜን እላለሁ፤ ደግሜም አጨበጭባለሁ። ካላነሱ ግን ሰኞ ማለዳ፣ ጓደኞቿ ወደ ፈተና ሲገቡ፣ እኔና ጣቢታ ያን የዓለም ፍርድ ቤት ሄደን እናየዋለን። ዓለምን ብዙ አላውቃትም፤ ፊርማ እንደምትጠይቅ ግን ሰምቻለሁ።

ጣራው ሳይኖርም፣ ዝናብ እየመታው ከጎናችሁ ሲዘምር የኖረ፣ ዛሬም በደረቁ ወንበራችሁ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ ታናሽ ወንድማችሁ፣

ቲቶ ዳና

ግልባጭ፦ ለወንድም ማርቆስ፣ ቡራዩ (ማንበቡ ክፍያ የለውም)

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ "አባት ለሌላቸው ልጆች እንጸልይ" ስትሉ፣ ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ያሉት ወንድም ማርቆስ ናቸው። ሳምሪ አጠገቤ ነበረች፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና አሜን አለች። ከሁለቱ፣ ስለ ማን እንደሚጸለይ ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።